በግድግዳው በኩል የሚያልፍ ውሃ

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ሃፊዛ ከማሉ፣ ወልቂጤ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ እሱ አዲስ ነገር አይደለም።

ስልክዎ ለምን አይሠራም ላልሽው፣ ስልኩ ይሠራል። እኔ ነኝ የማልሠራበት። ወንድምሽ ሙባሪክ በዒድ ማግስት ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ "አባባ፣ የብየዳ ቤቱን ዘግተን ለሞባይል ነጋዴ እናከራየው፣ እርስዎም ይረፉ" አለኝ። ዕድሜዬን የቆምኩበትን ቤት በአንድ የስልክ ወሬ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ፣ ከዛጉት ማጠፊያዎች ጋር ነው። የሚነገረኝ ነገር ካለ ይጻፍልኝ። የሚጽፍ ሰው ቢያንስ የጻፈውን አንድ ጊዜ መልሶ ያነበዋል። ራምዚ ሚኒባሱን ወልቂጤ ያመላልሳል፤ በእሱ ላኪ።

በሳምንቱ ሙባሪክ ራሱ መጣ። ሀጂ ሸምሶን ለሽምግልና ይዞ ነው የመጣው፤ አባቱን ለማናገር ሽማግሌ! "ኮምፒውተሩ በቀን ሦስቴ ይጠፋል፣ ደንበኛ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል" አለ። እውነቱን ነው፣ አልካድኩም። ደንበኛ ብረቱ ሳይቆረጥ በሩን በስክሪን ላይ ማየት ለምዷል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ጥላው መሬት ላይ ሲወድቅ። ያን የሚስለው የኮምፒውተሩ ካርድ ይግላል። ማቀዝቀዣው ነፋስ ሲስብ የግራይንደሩን የብረት ብናኝ አብሮ ይስባል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ ጥፍት።

ስለዚህ በሀጂ ሸምሶ ፊት ቃል ሰጠሁ። በአረፋ ማግስት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ኮምፒውተሩ ከጠዋት እስከ አስር ሶላት ሳይቆም ይስላል። ከቆመ የቤቱን ቁልፍ ለሙባሪክ አስረክባለሁ። ካልቆመ ሁለተኛ ስለ ኪራይ አያነሳብኝም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ብናኝ በማያስገባ የብረት ሳጥን እዘጋዋለሁ። ሙቀቱን በውሃ እስባለሁ፤ ውሃው በጎማ ግድግዳውን አልፎ ጓሮ ባለው ራዲያተር ይቀዘቅዝና ይመለሳል። የመኪና ሞተር በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ኮምፒውተር ከሞተር አይከብርም። ጎረቤቴ ሰይፉ ከጋራዡ አንድ ራዲያተር እሰጥሃለሁ ብሎኛል። የሚያስፈልገውን ጎማና ማያያዣ ፊቲንግ አንቺ ታውቂያለሽና ጻፊልኝ። ይቻላል ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም።

ሙባሪክ ላንቺም ደውሎልሻል?

አባትሽ ከማሉ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ለውድ አባቴ

ወዓለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ። ደብዳቤዎ ከነግሪሱ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ፈተና ሲቃረብ የተማሪው ላፕቶፕ ሁሉ በአንድ ቀን ይታመማል።

ስለ ሙባሪክ ለጠየቁኝ፣ እሱን እናቆየው። ስለ ውሃው ልንገርዎ።

ሐሳብዎ እብደት አይደለም፣ ሰዎች ይሠሩታል። ግን የሰይፉን ራዲያተር ይተዉት። አልሙኒየም ነው፤ ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ መዳብ። ሁለቱ በአንድ ውሃ ሲገናኙ አልሙኒየሙ ከውስጥ ይበላል፣ ዝቃጩም ውሃውን ያበላሻል። የመዳብ ራዲያተር እፈልጋለሁ።

ጎማው ውስጡ አስር ሚሊ፣ ውጩ አሥራ ሦስት ሚሊ ነው። ፊቲንጉ ጎማውን ከውስጥ በአፍንጫው፣ ከውጭ በቀለበቱ አጣብቆ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ሁለቱም ቁጥር መግጠም አለበት። ውስጡ አስር ሆኖ ውጩ አሥራ ስድስት የሆነም አለ። እሱ እጅን ያታልላል፤ አፍንጫው እሺ ብሎ ይገባል፣ ቀለበቱ ግን ቀጭኑን ጎማ አይጨብጠውም።

የፊቲንጉ ጥርስ ሩብ ኢንች ነው። የቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ላይ ያለውን እንደሚያስቡ አውቃለሁ። አይመሳሰሉም። የኮምፕሬሰሩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሲጠብቅ ነክሶ ነው ውሃ የሚይዘው። የዚህኛው ጥርስ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ ውሃውን የሚይዘው ከሥሩ ያለው ክብ የጎማ ማሸጊያ፣ ኦሪንጉ ነው። በእጅ ይጠብቃል፣ መፍቻ አይፈልግም።

የመጨረሻውን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፣ ግን አባቴን አውቃለሁ። ጥርሱ ላይ ቃጫ አይጠመጠምም። አንድም ክር። የቃጫ ክር በሚዞር ውሃ ውስጥ እየተለቀቀ ይሄዳል፤ የመዳቡ ውስጥ መተላለፊያ ደግሞ ከማበጠሪያ ጥርስ ይቀጥናል።

እዚህ ወልቂጤ ብየዳ ቤቶቹ ዛሬም በሩን በጣታቸው አየር ላይ እየሳሉ ነው ደንበኛ የሚያሳምኑት። ሳያቸው እርስዎ ይታወሱኛል። የኔ ክፍል ጠባብ ሆነ እንጂ እዚህ ይምጡ እልዎት ነበር!

ልጅዎ ሃፊዛ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017

ልጄ ሃፊዛ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

አልሙኒየሙን ተውኩት። ስላልሽኝ አይደለም፤ ስላየሁ ነው። የመስኮት አልሙኒየም ቁራጭ ከመዳብ ሽቦ ጋር አስሬ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌላ ቁራጭ ብቻውን በሌላ ብርጭቆ። እናትሽ የሻይ ብርጭቆዎቿን ስትፈልግ ከረመች። ትናንት አየሁት፤ ከመዳብ ጋር ያደረው ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር አብቅሏል፣ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ብቻውን ያደረው ደህና ነው። ራዲያተሩን ለሰይፉ መለስኩለት። "ጋሽ ከማሉ፣ በነፃ የተሰጠውን የሚመልስ ሰው በዚህ ከተማ ዛሬ አየሁ" ብሎ ጋራዡን ሁሉ አሳቀብኝ።

ስለ ጥርሱ የጻፍሽውን በካሊፐር ለካሁት። የኮምፕሬሰሬ ባለጥርስ አጭር ቧንቧ፣ ኒፕሉ፣ እውነትም ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ይሁን።

ስለ ቃጫ ግን አንቺ አታስተምሪኝም። የዚህን ከተማ ግማሽ ቧንቧ በቃጫ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከጉንችሬ የሚመጣው ነጩና ረጅሙ ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ጥርሱን ይሞላል፣ እኔ ከሞትኩ በኋላም አያፈስም። ልጅ ሆነሽ የጠጣሽው ውሃ በቃጫ በታሰረ ቧንቧ የመጣ ነው፤ አላነቀሽም። ኦሪንግ በእጅ የሚጠብቅ ከሆነ በእጅ ይላላል።

የወልቂጤ በር የወልቂጤ ጉዳይ ነው። የኔ ቤት ቡታጅራ ነው።

ለግድግዳው የሚሆን ማሻገሪያም ላኪ፤ በዚህ ወገን ጎማ፣ በዚያ ወገን ጎማ የሚገጠምበት። ስለ ሙባሪክ ሳትመልሺልኝ ማለፍሽን አይቻለሁ።

አባትሽ ከማሉ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017

ሃፊዛ፣

ዕቃው ደረሰኝ። ራዲያተሩ መዳብ ነው፣ በፋይል ጫር አድርጌ አረጋግጫለሁ። ፓምፑ ድምፅ የለውም፣ ደስ ይላል። ጎማው አስርና አሥራ ሦስት ነው።

ፊቲንጎቹን አንድ በአንድ ለካኋቸው። ሁለቱ ለአሥራ ስድስት የተሠሩ ናቸው። አፍንጫቸው እሺ ብሎ ይገባል፣ ቀለበታቸው አይጨብጥም። ልክ አንቺ የጻፍሽውን ስህተት አንቺው ልከሽልኛል።

ራምዚ ሳይጠይቁት የሚናገር ሰው ነው። ጥቅሉን ሲያስረክበኝ፣ "ባለፈው ሳምንት ሙባሪክን ሃፊዛ ሱቅ በር ላይ አየሁት፤ ወንበር ስባ አስቀምጣው ነበር" አለኝ። እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ሁለቴም ያልነገርሽኝን የሚኒባስ ሹፌር ነገረኝ።

እነዚህ ሁለት ፊቲንጎች የሻጭ ስህተት ናቸው ወይስ የወንድምሽ ምክር? በቀጥታ መልሺ።

ከማሉ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017

አባባ፣

ወዓለይኩም ሰላም ብዬ ልጀምር፣ እርስዎ ቢተዉትም።

አዎ፣ ሙባሪክ መጥቶ ነበር። ያልነገርኩዎት በአባትና በልጅ መካከል ወሬ አመላላሽ መሆን ስላስጠላኝ ነው። እንዲህ አለኝ፣ "ዕቃውን አትላኪ። ወይ አዘግዪው፣ አረፋ ይለፍ። ሌሊት ሲያስል ሰምተሽዋል? ዓይኑ ከብየዳው እያነባ ነው የሚያድረው። ሰው እንዲስቅበት አይደለም የምፈልገው፣ እንዲያርፍ ነው።" እያለቀሰ ነበር አባባ፣ እርስዎ ፊት የማያደርገውን። እኔም፣ "ቤቱን ስትዘጋበት ሳሉ ይቆማል? ብየዳውን ለሌላ ሰጥቶ ስዕሉን ይሥራ እንጂ ለምን ይዘጋል?" አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ዕቃውን በማግስቱ ላክሁ።

ሁለቱ ፊቲንጎች የኔ ጥፋት ናቸው። ሻጩ በአንድ ከረጢት ሰጠኝ፣ ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ አልለካሁም። ካሊፐር እንድይዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ቢያፍሩብኝ በዚያ ይፈሩ። በሌላው ግን አይደለም። ለወንድሟ ብላ አባቷን የምታታልል ልጅ አላሳደጉም፣ ይህን ደግሞ ሲጽፉት ያውቁ ነበር።

ትክክለኞቹን ሁለት በዚህ ጥቅል ልኬያለሁ፤ ለክቻቸዋለሁ። የግድግዳው ማሻገሪያ ከአዲስ አበባ ገና አልደረሰም። ይጠብቁ። እባክዎ ይጠብቁ።

ሃፊዛ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017

ልጄ ሃፊዛ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ። እንደምን ከረምሽ? ሱቁስ እንዴት ነው? የዓይንሽ መነፅር ተጠገነ?

ባለፈው ከጻፍኩት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልነበረበትም። የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽ መልስሽን አንብባ ለሁለት ቀን ምሳዬን ከበሩ ውጭ አስቀምጣልኝ ሄዳለች፤ እንደ እስረኛ በልቻለሁ።

ሳሌን ሙባሪክ ከሚያስበው በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ብየዳውን ለሌላ ሰጥቶ ስዕሉን መሥራት ያልሽው ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ግን ሰው አስገድዶኝ አይደለም፣ ሲመቸኝ አደርገዋለሁ።

ፊቲንጎቹ ገጠሙ። ኦሪንጉን ባልሽው መሠረት በእጅ ብቻ አጠበቅሁ፣ እጄ ግን መፍቻውን እየፈለገ ነበር። ከየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩና ፓምፑን ብቻ አዞርኩ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ዋለ። ውሃው ለባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። ሳጥኑ ተዘግቷል። ትናንት ሦስት በር ሣልኩ፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ግራይንደሩ አጠገቡ ሲያፏጭ ሳጥኑ እንደ ድንጋይ ዝም።

ግድግዳውን በምን አለፉት ትዪኛለሽ፤ ማሻገሪያው ሳይመጣ ቀኑ ቀረበብኝ፣ ጨርሻለሁ። በምን እንደጨረስኩት አትጠይቂኝ። አንድ ጠብታ አያፈስም።

አባትሽ ከማሉ


ወልቂጤ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017

ለውድ አባቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ፣ ለእናቴም። መነፅሬ ተጠግኗል።

ማሻገሪያው ደርሶ በራምዚ ልኬዋለሁ። አትጠይቂኝ ስላሉ አልጠይቅም፤ ያልጠየቅሁት ግን ገብቶኛል። አሁንም ጊዜ አለ። ይፍቱትና ይለውጡት።

ለአረፋ አልመጣም። ለምን እንደሆነ በእናቴ አስጠይቀውኝ ነበር፤ ለእሷ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት፣ ለእርስዎ እውነቱን ልጻፍ። ከመጣሁ ሙባሪክ "የሠራችው እሷ ናት" ይላል፣ ዘመድም ይቀበለዋል። የሠሩት እርስዎ ነዎት። ማንም እንዳይካፈልዎ ነው የማልመጣው። ዒድ ሙባረክ፣ ቀድሜ።

ልጅዎ ሃፊዛ


ቡታጅራ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ሃፊዛ

አሰላሙ ዓለይኩም። አረፋ በሰላም አልፏል። በሬው የሰባ ነበር፣ ድርሻሽን እናትሽ አድርቃልሻለች።

እንዴት ሆነ ብለሽ በሁለት ሰው ልከሻል። ለሁለቱም አልነገርኩም፤ ከኔ እንድትሰሚው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ብየዳ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። አጎቶችሽ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶች፣ ሰይፉም የጋራዥ ልብሱን አውልቆ። ሀጂ ሸምሶ መሃል ላይ ተቀመጠ። የምሥለው የእሱን ግቢ በር ነበር፤ ሙባሪክ ያን ሲሰማ፣ "ለዳኛው በር እየሣሉ ነው እንዴ? ይህ ጉቦ ነው!" አለ። ሀጂም፣ "በሩ ካላማረ እፈርድበታለሁ፣ ካማረም እከፍለዋለሁ፤ አንተ ዝም በል" አለው። ሳቁ። ኮምፒውተሩ ይስል ጀመር።

እስከ ዙህር ድረስ የሙቀቱ ቁጥር ካንድ ቦታ አልተነቃነቀም። ሰይፉ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ፣ "ሞቷል እንዴ?" ይላል። ሙባሪክ ራሱ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ስክሪኑን ቀረብ ብሎ አየ። ደስ ብሎት ነበር፤ ሊደብቀው ሞክሯል፣ አልቻለም።

ከሶላት ስንመለስ ቁጥሩ መውጣት ጀምሯል። ጠብታ የለም። ፓምፑ ይዞራል። ጓሮ ወጥቼ ራዲያተሩን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ካርዱ እየነደደ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ ውሃው መንገድ አጥቷል ማለት ነው። ማን እንደዘጋበትም አወቅሁ።

ዝም ብል እስከ አስር ሶላት ሊደርስ ይችል ነበር። ካርዱ ግን ይቃጠላል። ቁልፉን አድኜ ሥራውን መግደል ነው። ገብቼ በገዛ ጣቴ አጠፋሁት።

ሙባሪክ ብድግ አለ። "አባባ፣ ምን ሆነ?"

"ቆመ።"

"ምን አቆመው?"

"ቃጫ" አልኩት።

ውሃውን ቀድቼ መዳቡን ፈታሁና የእናትሽን መርፌ አስመጣሁ። ከመተላለፊያው ውስጥ ክሩን እየለቀምኩ ነጭ ሳህን ላይ አስቀመጥኩ፤ የሽማግሌ ፀጉር ይመስል ነበር። ግድግዳው ላይ የኮምፕሬሰር ኒፕል በቃጫ አስሬ ነበር። አላፈሰሰም፤ እሱን አሁንም እናገራለሁ፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም! ግን ውሃው ክሩን እየነቀለ ወሰደው። ሁሉም እየሰማ፣ "ልጄ ሃፊዛ አያድርጉ ብላ ጽፋልኛለች። አድርጌያለሁ" አልኩ።

የላክሽው ማሻገሪያ እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከፍቼ ገጠምኩት፣ በእጅ ብቻ። ውሃ ሞልቼ አስነሳሁት። ቁጥሩ ወደ ቦታው ወረደ።

ሀጂ ሸምሶ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ሰዎች ፊት ፈትቶ፣ ጥፋቱን አሳይቶ፣ መልሶ ያስነሳ ሰው አልተሸነፈም። ቁልፉ ከእሱ ጋር ይሁን" አለ። አጎቶችሽም፣ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" አሉ።

"ልክ አይደለም" አልኩ። "ሳይቆም አልኩ፣ ቆመ።"

ቁልፉን ከወገቤ ፈትቼ ለሙባሪክ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። "አባባ፣ ይቅር። ወላሂ ይቅር" አለ። "እጅህን ዘርጋ" አልኩት። "ሰው ፊት የሰጠሁትን ቃል በአንተ ርኅራኄ አታስበላኝ። ቤቱን አከራየው፣ ጣሪያው በስተ ምሥራቅ ያፈሳል፣ ለተከራዩ ንገረው።" ተቀበለ። 

ኮምፒውተሩ አስርን አልፎ እስከ መግሪብ ሣለ። በሩ ሲያልቅ ሀጂ ሸምሶ ቀርቦ አየውና፣ "ይህ የኔ ግቢ ነው?" አለ።

አሁን ስሚኝ። በሽማግሌ ፊት ያስረከብኩት ቤት ነው። እጄን አላስረከብኩም፣ ኮምፒውተሩንም። አርፌ በረንዳ ላይ እንድቀመጥ የሚጠብቅ ካለ ብዙ ይጠብቃል። ብየዳውን ትቻለሁ፤ ሲመቸኝ አደርገዋለሁ ብዬሽ ነበር፣ ተመቸኝ። በሩን በጣታቸው አየር ላይ የሚስሉትን የወልቂጤ ሰዎች አሳዪኝ፤ እነሱ ይበይዱ፣ እኔ እስላለሁ። ቅዳሜ ከራምዚ ጋር እመጣለሁ፣ ሳጥኑን ጭኜ። ክፍልሽ ጠባብ መሆኑን አልረሳሁም። እኔም ወፍራም አይደለሁም። እናትሽን አስጨንቃለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ "ሂድ፣ ቤቱ ትንሽ ፀጥ ይበል፣ ጉልበቴ ሲሻለኝ እመጣለሁ" አለችኝ።

ጓሮ የሚያየው ግድግዳሽ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ። ብሎኬት ነው ጭቃ?

ቃጫውን ይዤ እመጣለሁ። ለኮምፒውተሩ አይደለም። የእናንተን አገር ቧንቧ ግን ማን ያስርላችኋል?

አባትሽ ከማሉ


ወልቂጤ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017

ለውድ አባቴ

ወዓለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ደንበኛ "ደህና ነሽ?" አለኝ። ደህና ነኝ።

ሙባሪክ ትናንት ደውሎ፣ "አባባ አንቺ ጋ ሲመጣ ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው" አለኝ።  ወንበሩን ገዝቻለሁ፤ ይህን እንደነገርኩዎ አይንገሩት።

ጓሮ የሚያየው ከጠረጴዛዬ ጀርባ ያለው ነው። ብሎኬት ነው። ዛሬ ጠዋት ድሪል ተውሼ በስቼዋለሁ፤ ማሻገሪያው በልኩ ያልፋል፣ ቀዳዳውን በካሊፐር ለክቻለሁ። የቤቱ ባለቤት ገና አላየውም። ሲያየው እርስዎ ያነጋግሩታል፤ እኔ ለእሱ አዝናለሁ።

ለቃጫውም ምስማር መትቼለታለሁ፣ ከበሩ ውጭ።

ልጅዎ ሃፊዛ